ከጋሻ መሬት ወደ ወር አበል፦ ልደታና የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ታሪክ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሕግ የተደነገገው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት መንግሥትን ያገለገለ ሰው እርጅናውን የሚያሳልፈው በመሬት ነበር። በአገልግሎት ላይ ያለ ወታደር ወይም ሹም በደመወዝ ፋንታ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ማደሪያው ከአገልግሎቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሰውዬው ሲያረጅ ወይም ሲሞት ወደ መንግሥት ሊመለስ ይችላል። መሬቱ ወደ ርስት ከተለወጠለት ግን ለልጆቹ ይተርፋል። ስለዚህ የአንድ አሮጌ አገልጋይ የመጨረሻ ልመና ብዙውን ጊዜ አንድ ነበር፤ ማደሪያዬ ርስት ይሁንልኝ የሚል።

ከጣልያን ወረራ ማብቃት በኋላ ይህ አሠራር በአዲስ መልክ ቀጠለ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ለአርበኞች፣ ለስደተኞች፣ ለወደቁ አርበኞች ቤተሰቦች፣ ቀጥሎም ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች መሬት በጋሻ እየተለካ ተሰጠ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ብዙው መሬት ከሸዋ በስተደቡብ ባሉት አውራጃዎች የነበረ ሲሆን፣ ተቀባዮቹ አዲስ አበባ ተቀምጠው የእርሻውን ድርሻ ከጭሰኛ ይቀበሉ ነበር። ይህ ጡረታ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ርካሽ ነው፤ ከበጀት አንድ ብር አያስወጣም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ስሙ በየትኛውም መዝገብ ያልገባው ጭሰኛ ነበር። የጡረታን ታሪክ ለመረዳት ይህን መነሻ መያዝ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ በወጡት ሕጎች ሁሉ ስር የሚገኘው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ያረጀውን ሠራተኛ የመጦር ወጪ በማን ትከሻ ላይ ይውደቅ?

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስቴሮች ሲያቋቁሙ፣ በቤተ መንግሥት ዙሪያ የነበረው አገልግሎት ቀስ በቀስ ወደ መሥሪያ ቤት አገልግሎት መለወጥ ጀመረ። ለውጡ በርትቶ የታየው ግን ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ነው። ግብር በገንዘብ ይሰበሰብ፣ ደመወዝም በገንዘብ ይከፈል ጀመር፤ በ1937 ዓ.ም. መጨረሻ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ጸሐፊው፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ሐኪሙና መካኒኩ ኑሯቸው ከመሬት ተላቆ ከወር ደመወዝ ጋር ተያያዘ። መሬት የሌለው፣ ከተማ ተወልዶ ከተማ የሚሞት አዲስ ዓይነት ሰው ተፈጠረ። ይህ ሰው እጁ ሲደክም የሚመለስበት ርስት የለውም።

ይህ ሰው በብዛት ከሠፈረባቸው የአዲስ አበባ አካባቢዎች አንዷ ልደታ ናት። ስሟን ያገኘችው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቢሆንም፣ መልኳን የቀረጹት በዙሪያዋ የተተከሉት የመንግሥት ተቋማት ናቸው። በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ አጋማሽ እስኪከፈት ድረስ የሚነሣውና የሚያርፈው ከልደታው ሜዳ ነበር፤ አካባቢው ዛሬም አሮጌ አየር ማረፊያ የሚባለው በዚያ ምክንያት ነው። በሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለፋብሪካዎች ባለሙያ ሲያሠለጥን፣ በሰንጋ ተራ በኩል ደግሞ በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ታይፒስቱን፣ ጸሐፊዋንና ሒሳብ ያዡን ያፈራ ነበር። የደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል፣ ቆይቶም ጥቁር አንበሳ፣ በጦር ኃይሎች በኩል የወታደሩ ሠፈር፣ ፍርድ ቤቱና የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተደምረው ልደታን የደመወዝተኛ አገር አደረጓት። በነዚህ ደጆች ገብተው የወጡ ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ ከአካባቢው አልራቁም፤ በዚያው ሠፈር አረጁ፣ ዕድር ገቡ፣ በዚያው ደብር ተቀበሩ።

የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የመንግሥት ሠራተኛውንና የወታደሩን ኑሮ ፊት ለፊት አወጣው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት የሠራተኛው አስተዳደር በሕግ መልክ ያዘ፤ ማዕከላዊው የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ስለ መንግሥት ሠራተኞች ጡረታም መጀመሪያ በድንጋጌ ቁጥር 46፣ ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ተወሰነ። የሕጉ ዋና አሳብ ቀላልና ጠንካራ ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ ያዋጣል፤ መንግሥት እንደ አሠሪ 6 በመቶ ይጨምራል፤ ሠራተኛው 55 ዓመት ሲሞላው በየወሩ አበል ይቆረጥለታል፤ ሲሞትም አበሉ ለተተኪዎቹ ያልፋል። ለወታደሩ የመንግሥት መዋጮ ከፍ ያለ ነው፤ በኋለኞቹ ዓመታት 16 በመቶ ደርሶ ነበር።

መዋጮ የሚለው ቃል በዚህ ሕግ ውስጥ ከባድ ትርጉም አለው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ከቅኝ ገዢዎች የተወረሰ፣ ሠራተኛው ምንም ሳያዋጣ ከዓመታዊ በጀት የሚከፈል ነበር። ኬንያ ለምሳሌ መዋጮ የሚጠይቅ ሥርዓት ለመንግሥት ሠራተኞቿ የጀመረችው ገና በ2013 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ግን ከመነሻው ሠራተኛውን ባለ ድርሻ አደረገችው። አበሉ የመንግሥት ችሮታ መሆኑ ቀርቶ ከደመወዝ ተቆርጦ የተቀመጠ ገንዘብ ሆነ። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ ኋላ ላይ ስለ ገንዘቡ አያያዝ ለሚነሣው ክርክር የመብት መሠረት የሆነው እርሱ ነው። በሌላ በኩል ሥርዓቱ የጀርመኑ ቢስማርክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከዘረጋው የሠራተኞች መድን ጋር በአሳብ ይዛመዳል፤ አሠሪና ሠራተኛ አብረው ያዋጣሉ፤ የዛሬው ሠራተኛ መዋጮ የዛሬውን ጡረተኛ ለመጦር ይረዳል።

በ1950ዎቹ የሥርዓቱ ወጪ ቀላል ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው ቁጥር ጥቂት፣ አብዛኛውም ወጣት ነው፤ ጡረታ የሚወጣው በጣት የሚቆጠር። አዋጪው ብዙ፣ ተቀባዩ ጥቂት ሲሆን ፈንዱ ሳይነካ ያድጋል። በዓለም ላይ ያሉ የጡረታ ሥርዓቶች ሁሉ በልጅነታቸው ሀብታም ይመስላሉ፤ ፈተናው የሚመጣው የመጀመሪያው ትልቅ ትውልድ ሲያረጅ ነው። የኢትዮጵያውም ከዚህ አላመለጠም።

የ1966ቱ አብዮት የጡረታን ታሪክ በሁለት አዋጆች ለወጠው፤ ሁለቱም ስማቸው ጡረታ አይደለም። የመጀመሪያው የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በመሬት ይኖር የነበረ አሮጌ ሹም፣ አርበኛና ባለ ጋሻ በአንድ ቀን ገቢውን አጣ፤ ጭሰኛው ደግሞ ለዘመናት የተሸከመውን ወጪ አራገፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንግሥትን ላገለገለ ሰው የእርጅና መጦሪያው የወር አበል ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለዐሥርት ዓመታት በዚያው ቆየ፤ በወር ጥቂት ብር ብቻ የሚከፈልባቸው ቤቶች በልደታ በብዛት ነበሩ።

ስለ ጡረታ ሲጻፍ ይህ የቤት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሆኖም የልደታ ጡረተኛ በአነስተኛ አበል ኑሮውን ሊገፋ የቻለበት ዋናው ምክንያት እርሱ ነው። ከአበሉ ለቤት የሚወጣው ከቁጥር የማይገባ ስለነበር፣ የቀረው ለጤፍ፣ ለከሰልና ለዕድር ይበቃ ነበር። በሌላ አነጋገር የጡረታው ግማሽ በፈንዱ አልተከፈለም፤ ቤቱን ሳያድስ፣ ኪራዩን ሳይጨምር በያዘው ቀበሌ በኩል ተከፈለ። ቤቶቹ አረጁ፣ ጣሪያቸው ዛገ፣ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ አንድ ሆነ፤ ግን በር የሚዘጋበት ቤት ነበር።

በደርግ ዘመን የጡረታው ሥርዓት ሽፋን ሰፋ። የተወረሱት ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ፋብሪካዎች የመንግሥት ድርጅት ሲሆኑ ሠራተኞቻቸውም ወደ ጡረታው ገቡ። የአዋጪው ቁጥር በአንድ ጊዜ በማደጉ ፈንዱ ለጊዜው ተጠናከረ፤ የወደፊት ግዴታውም አብሮ አደገ። በጦርነቱ ምክንያት ደግሞ የተሰው ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች፣ አካላቸው የጎደለ ተዋጊዎችም በተቀባይነት ተጨመሩ። በጦር ኃይሎች ሆስፒታል አካባቢ ይህ እውነት ከየትኛውም ሰነድ በላይ በዓይን ይታይ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌላ ዓይነት ዘመን መጣ። በ1985 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የብር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር በዶላር ወረደ፤ የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል መዛወር ጀመሩ፤ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ቀነሱ። ዕድሜያቸው ወደ 55 የተጠጋ ብዙዎች በዚህ ጊዜ በጡረታ ተገለሉ። አስተዳደሩም በተደጋጋሚ ስሙን እየቀየረ፣ የማኅበራዊ ዋስትና ባለሥልጣን፣ ኋላም ኤጀንሲ፣ በመጨረሻም አስተዳደር ተባለ።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 345 የመጀመሪያው ግልጽ የወጪ ማስተካከያ ነው። የጡረታ መውጫ ዕድሜን ከ55 ወደ 60 አሳደገ። የዚህ ለውጥ ሒሳብ ሁለት ጎን አለው፤ አንድ ሠራተኛ አምስት ዓመት ተጨማሪ ያዋጣል፣ አምስት ዓመት ያነሰ ይቀበላል። መዋጮው ሳይነካ ፈንዱ የሚያገኘው እፎይታ ትልቅ ነው። የኢትዮጵያውያን ዕድሜም ሕጉ መጀመሪያ ሲወጣ ከነበረው በእጅጉ ረዝሟል፤ ስለዚህ ለውጡ ምክንያት አልባ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሸክሙ በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። በጠረጴዛ ሥራ ለኖረ ሰው 60 ዓመት ቀላል ነው፤ በሆስፒታል ክፍል ሌሊት ቆማ ላደረች ነርስ፣ በጋራዥ ከብረት ጋር ለታገለ የተግባረ ዕድ ምሩቅ ግን አምስት ዓመት ረጅም ነው። ሕጉ ለዚህ ያስቀመጠው መውጫ ሁለት ነው፤ ጤናው የጎደለ በሕክምና ማስረጃ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፤ 25 ዓመት ያገለገለም 55 ዓመት ሲሞላው በፈቃዱ ሊወጣ ይችላል።

በ2003 ዓ.ም. የወጡት መንታ አዋጆች፣ 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች፣ ከ1955ቱ ወዲህ ትልቁ ለውጥ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛው መዋጮ ከ4 ወደ 7 በመቶ፣ የመንግሥት መዋጮ ከ6 ወደ 11 በመቶ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተደረገ። ለወታደርና ለፖሊስ የመንግሥት መዋጮ 25 በመቶ ሆነ፤ የሠራተኛው ያው 7 ነው። የጡረታው ዕድሜ በ60 ቆየ። የግል ድርጅት ሠራተኛም፣ ከዚያ በፊት ቢበዛ በፕሮቪደንት ፈንድ ወይም በሥራ ስንብት ክፍያ ብቻ ሲሸኝ የነበረው፣ በተመሳሳይ መዋጮ በጡረታ ታቀፈ። አገልግሎቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚቆጠርለት ከመንግሥት ወደ ግል የዞረ ሠራተኛ የደከመበት ዘመን አይባክንበትም። የቤት ሠራተኛዋ፣ የጉሊት ነጋዴዋና የቀን ሠራተኛው ግን ዛሬም ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው። በልደታ አንድ ግቢ ውስጥ ለሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ጎረቤቶች በእርጅና ጊዜ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ አንዷ በየወሩ ባንክ ትሄዳለች፣ ሌላዋ የልጅ እጅ ታያለች።

የአበሉ ስሌት እንዲህ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ካገኘው አማካይ የወር ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ለወታደርና ለፖሊስ 1.65 በመቶ። ጠቅላላው ከ70 በመቶ አይበልጥም። አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የነበረና 30 ዓመት ያገለገለ አስተማሪ እንበል። 30 በመቶ ሲደመር የ20 ዓመቱ 25 በመቶ፣ 55 በመቶ ይሆናል፤ የወር አበሉ 3,300 ብር ነው። ጣሪያውን 70 በመቶ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል አለበት፤ በ18 ዓመቱ ካልተቀጠረ በቀር 60 እስኪሞላው ድረስ አይደርስበትም። 10 ዓመት ያልሞላው በየወሩ የሚከፈል አበል አያገኝም፤ ለአንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል።

እዚህ ላይ ደመወዝ ማለት መነሻ ደመወዙ ብቻ ነው። የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የኃላፊነት አበሎች አይቆጠሩም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በደመወዝ ፋንታ በአበል ሠራተኛ የማቆየት ልማድ ሲያዳብሩ፣ ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ ያልተሰማው ጉድለት በጡረታው ቀን ይገለጥለታል። አበሉ ትናንት ወደ ቤቱ ይዞት ይገባ ከነበረው ገንዘብ ግማሹን እንኳ ላይደርስ ይችላል። ይህ የሕጉ ስሕተት ሳይሆን የደመወዝ አከፋፈል መዘዝ ነው፤ ግን መዘዙን የሚሸከመው ጡረተኛው ነው።

ሠራተኛው ሲሞት ሚስት ወይም ባል የአበሉን 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ በሟቹ ይጦሩ የነበሩ ወላጆች እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ያገኛሉ፤ ድምሩ ከሟቹ አበል አይበልጥም። ከላይ የተጠቀሰው አስተማሪ ሚስት እንግዲህ 1,650 ብር ይደርሳታል። በከተማው ጡረታ ከሚቀበሉት መካከል ኑሯቸው በጣም የጠበበው እነዚህ ባሎቻቸውን የቀበሩ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ደመወዝ ሳይቀበሉ ቤት ሲያስተዳድሩ የኖሩ ናቸውና። በሕጉ ውስጥ ለተተኪዎች የተሰጠው ቦታ ከጥንቱ የማደሪያ ሥርዓት ይሻላል፤ ያኔ የሟች ሚስት ዕጣ በሹሙ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠል ነበር። መጠኑ ግን ገና ጥያቄ ነው።

ጡረታ ለማስከበር ሰነድ ወሳኝ ነው። ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር የሚሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ዕድሜውን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹንና ወላጆቹን ይይዛል፤ በዚያ የተጻፈው ዕድሜ ኋላ አይለወጥም። የልደት ምዝገባ በሌለበት ዘመን የተወለደው ትውልድ ዕድሜውን በግምት፣ አንዳንዴም ለመቀጠር ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ ስለሆነ፣ ከ30 ዓመት በኋላ የዚያ አንድ መስመር ዋጋ ብዙ ነው። በጦርነትና በመሥሪያ ቤቶች መፍረስ የጠፉ የአገልግሎት ማስረጃዎች፣ ያልተመዘገቡ ጋብቻዎች፣ በሁለት ስም የተጻፉ አባቶች ጡረተኛውን ከመዝገብ ቤት ወደ መዝገብ ቤት፣ ከዚያም ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ለወራሽነትና ለጋብቻ ማረጋገጫ ያመላልሱታል። አስተዳደሩ በሰጠው ውሳኔ ያልተስማማ ባለመብት ይግባኝ የሚልበት የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። መዝገብን አስቀድሞ ማስተካከል የአገልግሎቱ ትንሹ ወጪ ሆኖ ሳለ፣ ለዓመታት የተዘነጋው እርሱ መሆኑ ያሳዝናል።

የጡረታው ትልቁ ጉዳይ ግን መዋጮውም ስሌቱም አይደለም፤ የተዋጣው ገንዘብ የት ተቀመጠ የሚለው ነው። ለረጅም ዘመን የጡረታ ፈንዱ ገንዘብ የዋለው መንግሥት በሚበደርባቸው የግምጃ ቤት ሰነዶች ነበር። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ ከ2 በመቶ በታች የነበረበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዋነኞቹ ገዢዎችም የጡረታ ፈንዶቹ ነበሩ። በተመሳሳይ ዓመታት የዋጋ ንረት ምን ይመስል ነበር? በ2000 ዓ.ም. ከ40 በመቶ ያለፈበት፣ በ2003 ከ30 በመቶ በላይ የወጣበት፣ በ2014 እንደገና ከ30 በመቶ የተሻገረበት ወራት አሉ። 1,000 ብር በ2 በመቶ ወለድ ተቀምጦ በዓመቱ 1,020 ሲሆን፣ ዋጋ 30 በመቶ ከጨመረ ያ ገንዘብ የሚገዛው ዐምና 785 ብር ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው።

ነገሩን ወደ ሥሩ ስንወስደው እንዲህ ይሆናል። መንግሥት እንደ አሠሪ ለፈንዱ ያዋጣል፤ እንደ ተበዳሪ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ በጣም በርካሽ መልሶ ይወስዳል። መንገዱ፣ ግድቡ፣ ፋብሪካው ሲሠራ ከወጪው የተወሰነው የተሸፈነው በዚህ ርካሽ ብድር ነው። አገር ተጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ያ ጥቅም በማን ገንዘብ እንደተገዛ በበጀት ሰነድ ላይ አልታየም። በጋሻው ዘመን ጭሰኛው በዝምታ የተሸከመውን፣ በዚህኛው ዘመን ሠራተኛውና ጡረተኛው በዝምታ ተሸከሙት። የጡረታ ማሻሻያ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ በመዋጮ ማሳደግና በዕድሜ ማራዘም ላይ መቆየቱ ፍትሐዊ አልነበረም፤ ፈንዱ ቢያንስ ከዋጋ ንረት ጋር የሚራመድ ወለድ ቢያገኝ ኖሮ ሁለቱም ማስተካከያዎች ይቀልሉ ነበር።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የግምጃ ቤት ሰነድ ሽያጭ በገበያ ዋጋ በሚወሰን ጨረታ መካሄድ ሲጀምር ወለዱ ከፍ አለ። የዋጋ ንረቱን ባይደርስበትም፣ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ለፈንዶቹ ትልቅ ለውጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች 1267 እና 1268 ደግሞ የቀድሞዎቹን 714 እና 715 ተክተው የፈንዱ ገንዘብ ከግምጃ ቤት ሰነድ ባሻገር ትርፍ በሚያስገኝ ሌላ ኢንቨስትመንት እንዲውል በሩን ከፈቱ። የመዋጮው መጠን 7 እና 11 በመቶ እንዳለ ቀጠለ። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሲከፈት፣ ረጅም ዘመን የሚቆይ ገንዘብ ለያዘ እንደ ጡረታ ላለ ፈንድ አዲስ መስክ ተፈጠረ። መስኩ ጥቅም ብቻ ይዞ አይመጣም። ጋና በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ ናይጄሪያ በ1996 ዓ.ም. የጡረታ ገንዘባቸውን ወደ ገበያ ሲያወጡ ጠንካራ ተቆጣጣሪ አካል አብረው አቋቁመዋል፤ ቺሊ በ1973 ዓ.ም. ሁሉንም ነገር ለግል አስተዳዳሪዎች አሳልፋ ሰጥታ ከዐሥርት ዓመታት በኋላ በአነስተኛ አበል ምክንያት ሕዝባዊ ቁጣ ገጥሟታል። የጡረታ ገንዘብ የሌላ ሰው እርጅና ስለሆነ፣ የኢንቨስትመንቱ ዝርዝርና ትርፉ በየዓመቱ ለባለ መብቶቹ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ልደታ ወደ ታሪኩ የምትመለሰው ፈንዱ ገና በዝቅተኛ ወለድ ተቀምጦ ሳለ ነው፤ በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. በልደታ ሠፊ የመልሶ ማልማት ሥራ ተጀመረ። በከተማዋ ማዕከል ከተካሄዱት ትልልቅ የሠፈር ማፍረስና መገንባት ሥራዎች የመጀመሪያዎቹ መካከል ይመደባል። ያረጁት የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎችና የንግድ ሕንጻዎች ተተኩ፤ ቀላል ባቡሩም በ2008 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ በተግባረ ዕድና በልደታ አልፎ ወደ ጦር ኃይሎች ዘለቀ። የቀበሌ ተከራዮች ምርጫ ተሰጣቸው፤ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ቀሪውን በየወሩ ለባንክ እየከፈሉ የኮንዶሚኒየም ባለቤት መሆን፣ ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት መውሰድ። ንጹሕ ውኃ፣ የራስ መጸዳጃ ቤትና ዘላቂ ባለቤትነት እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ የቀድሞዎቹ ቤቶች ለሰው ልጅ ክብር የማይመጥኑ ነበሩና።

ለጡረተኛው ግን ስሌቱ ሌላ ነው። በጥቂት ብር ኪራይ ላይ ተመሥርቶ የኖረ አበል፣ በድንገት ቅድሚያ ክፍያና የወር ዕዳ ተደመረበት። ልጅ ያለው ልጁ ከፈለለት፤ የሌለው የደረሰውን ቤት አከራይቶ ራሱ ከተማው ዳር ወጣ፤ ሌላውም የቀበሌ ቤት መርጦ ከዕድሩና ከደብሩ ራቀ። ያ በ1967ቱ አዋጅ በኩል ሳይነገር ሲከፈል የነበረው የጡረታ ግማሽ ቤቶቹ ሲፈርሱ ቆመ፤ በፋንታው አበሉን የሚያሳድግ ውሳኔ አብሮ አልመጣም። የቤት ፖሊሲና የጡረታ ፖሊሲ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡም፣ በአንድ አሮጊት ቦርሳ ውስጥ ግን አንድ ናቸው።

አሁን በሥራ ላይ ባለው ሥርዓት የጡረታ አበል በየወሩ ከዋጋ ጋር አብሮ የሚሄድ አይደለም። ማስተካከያ የሚደረገው በየጊዜው በሚሰጥ የመንግሥት ውሳኔ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የውጭ ዕቃ፣ መድኃኒትና ነዳጅ ዋጋ አሻቀበ። መንግሥት በጥቅምት 2017 የሠራተኞችን ደመወዝ አሻሻለ፤ ዝቅተኛው 4,760 ብር ሆነ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አዲስ ተቀጣሪ ደመወዝ ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለሆነ፣ ከጭማሪው በፊት የወጣ ሠራተኛና ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚወጣ ባልደረባው በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማዕርግ፣ ለእኩል ዘመን አገልግለው እጅግ የተራራቀ አበል ይቀበላሉ። የቀደሙትን ወደ ኋለኞቹ የሚያቀርብ፣ ከደመወዝ ማሻሻያው ጋር በአንድ ላይ የሚሠራ ቋሚ የአበል ማስተካከያ ቀመር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወጪውም ከፈንዱ የኢንቨስትመንት ትርፍና ከመንግሥት በጀት ተለይቶ በግልጽ የሚመደብ መሆን አለበት።